መምህር ወርቁና የአዳራሹ ስም

የዕድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ጉሙ ገና ከከተማው አልተነሣም ነበር። ደባርቅ ላይ በክረምት ጥሩምባ ሲሰማ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ከየት በኩል ነው?» ብለን ነው፤ ጉም አቅጣጫ ያሳስታል። የዚያን ቀን ግን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ድምፁ የመጣው ከአጥሬ ማዶ ነው። «መምህር ወርቁ ታደሰ አርፈዋልና ቀብር ውጡ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

ባለቤቴ ዘውዱ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ከሌን አልፈታሁም። ጥቁር የለበሰ ሰው ለሌላ ሐዘን የሚቀይረው ልብስ የለውም፤ እንደነበርኩ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ። ያየኝ ሰው «ለባሏ ነው ወይስ ለጎረቤቷ?» ብሎ ሳይቸገር አልቀረም። እኔም ራሴ አልለየሁትም።

ይህን የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። አንዳንድ ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ እተወዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ሳስተምር፣ የተማሪ ድርሰት ሳርም ኖሬ፣ ለራሴ መጻፍ ይህን ያህል እንደሚያደክም አላውቅም ነበር። ነገር ግን እሳቸውን በቅርብ የሚያውቅ ሰው እያነሰ ነው። ስለ አዳራሹም የሚወራው ሌላ ሌላ እየሆነ መጥቷል።

መምህር ወርቁ ጂኦግራፊ ነበር የሚያስተምሩት። እኔ በትምህርት ቤቱ ስቀጠር እሳቸው ነባር ነበሩ። ረጅም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ በብርድም በፀሐይም ቡናማ ባርኔጣቸውን የማይለዩ ሰው። ክፍል ሲገቡ ግን ባርኔጣዋን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ያኖሯታል። «ተማሪ ለመምህር ይነሣ የለ? እኔም የምነሣው እንዲህ ነው» ይሉ ነበር።

ንግግራቸው ቀስ ያለ ነው። አንድ ሰው በመንገድ አግኝቶ «እንዴት ነው ኑሮ?» ሲላቸው፣ «ዳገት ነው። ጫፉን ካየኸው ይደክምሃል፣ እግርህን ካየኸው ትሄዳለህ» ይላሉ። ተማሪ በካርታ ላይ የአገሩን ስም አጥቶ ሲያዝን ደግሞ፣ «አትዘን፤ ካርታ ላይ ስም የሚጽፈው አላፊ አግዳሚው ነው። ነዋሪውማ አገሩን ያውቀዋል፣ ለምን ብሎ ይጽፈዋል?» ይሉታል።

አንድ ነገር ነበራቸው፤ ሲጠሩ «አቤት» አይሉም። ማንም ይጥራቸው ማን መልሳቸው «አለሁ» ነው። ተማሪዎቻቸውንም ስም ሲጠሩ «አለሁ በሉ» ብለው አስለምደዋቸው ነበር። አዲስ የመጣ ርእሰ መምህር አንድ ቀን ከበረንዳው ሆኖ «መምህር ወርቁ!» ብሎ ጠራቸው።

«አለሁ!»

«አቤት ማለት ማንን ገደለ፣ መምህር?» አላቸው፤ እየሳቀ ነው፣ ግን ሳቁ ቅር ያለው ሳቅ ነበር።

«ማንንም አልገደለም። እኔም ይኸው አለሁ» አሉት።

ሰው ሁሉ ኩራት ነው አለ። እኔም ኩራት መስሎኝ ነበር።

ከትምህርት ቤቱ ይልቅ የተዋወቅነው ጎረቤት ስንሆን ነው። ዘውዱ ግብርና ቢሮ ይሠራ ነበር። ቤት ስንሠራ አጥራችን ከመምህር ወርቁ አጥር ጋር ገጠመ። ዘውዱ «አያ ወርቁ» ነበር የሚላቸው፤ እንደ ታላቅ ወንድም። ቀን ቀን ሲበሻሸቁ ይውላሉ፤ ማታ አንዱ ካልመጣ ሌላው በር በሩን ያያል። የእኛ በግ የእሳቸውን ጎመን ትበላለች፣ የእሳቸው ዶሮ እኛ ቤት ትጥላለች፣ ክሱ አያልቅም። መምህር ወርቁ ሚስታቸውን ያገቡት ከሩቅ አገር ነበር። ቀድማቸው ሞተች፤ ልጆቻቸውም ባሕር ዳር ገቡ። ለምን ከሩቅ እንዳገቡ ከተማው ያውቃል። እዚህ አገር ጋብቻ ሲታሰብ አጥንት ይቆጠራል፤ የእሳቸው አጥንት ሲቆጠር ባሪያ ላይ ይቆማል። በፊታቸው ግን ይህን የሚያነሣ አልነበረም። ያከብሯቸዋል፣ ለሽምግልና ይጠሯቸዋል፣ ልጅ አይድሩላቸውም።

የሁለቱ ሰዎች ነገር የገባኝ አንድ ቀን መታወቂያ ለማሳደስ አብረን በሄድንበት ጊዜ ነው። ጸሐፊዋ የባሌን ስም ጻፈች፤ ዘውዱ አየለ ደምለው። ቀጥላ የእሳቸውን ጻፈች፤ ወርቁ ታደሰ ደምለው።

«ወንድማማች ናችሁ እንዴ? የአያታችሁ ስም አንድ ነው» አለች።

ዘውዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጎረቤታሞች ነን» አላት።

«ጎረቤት ይሻላል፣ ልጄ» አሉ መምህር ወርቁ። «ወንድም መሬት አካፍለኝ ይላል። ጎረቤት ጎመን ከተከፈለው ይበቃዋል።»

ልጅቷም ሳቀች፣ ዘውዱም ሳቀ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን አንዱ በመንገዱ ግራ፣ ሌላው በቀኝ ሄዱ።

ደምለው ማለት ፊታውራሪ ደምለው ነው። በዳባትና በወገራ በኩል ባለ ብዙ መሬት፣ ቤተ ክርስቲያን የተከለ፣ ድልድይ ያሠራ፣ የባሌ አያት። ከቆላ ወደ ገበያ ሰው እያስነዳ ይሸጥ እንደነበር ደግሞ ሽማግሌዎች ያውቃሉ፤ ሲያወሩት «ያኔ ሁሉም እንዲያ ነበር» ብለው ነው የሚዘጉት። የመምህር ወርቁ አያት በዚያ ቤት ባሪያ ነበረች።

አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኋቸው። «ታዲያ አባትዎ የፊታውራሪው ልጅ ናቸው?»

«አባቴ ታደሰ ልጁ ይሁን ንብረቱ የነገረኝ ሰው የለም፣ አስናቀች። ልጁም፣ በቅሎውም፣ ባሪያውም ‹የደምለው› ነበር የሚባል።»

«ፍርድ ቤት ሄደው ስሙን አይቀይሩትም ነበር?»

«ሸክሙን ካወረድኩት፣ ተሸክሜው እንደነበር ማን ያምነኛል?» አሉኝ።

ዳባት ላይ ካምፓስ ሲከፈት ከሕንጻዎቹ ትልቁ፣ ስብሰባና ምረቃ የሚደረግበት፣ «ፊታውራሪ ደምለው አዳራሽ» ተባለ። መሬቱ የፊታውራሪው ዘር ይዞታ ስለነበር ነው። ዘውዱ በምረቃው ቀን ነጭ ለብሶ ሄደ፤ ፎቶውንም ሳሎናችን ሰቀለው። መምህር ወርቁ ፎቶውን አይተው «ባርኔጣህ ያምራል» ብቻ ነው ያሉት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሩት የምትባል ወጣት የታሪክ መምህርት ከደሴ ተመድባ መጣች። ከተማሪዎቿ ጋር ሆና ሽማግሌ ስትጠይቅ የፊታውራሪውን ንግድ ሰማች። ሰው የሸጠ ሰው ስም የተማሪ መሰብሰቢያ ላይ እንዴት ይጻፋል የሚል ጥያቄ ተነሣ። ለሁለት ሴሚስተር ያህል ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ አገር ሽማግሌዎችም የፊታውራሪው ዘመዶችም ይጠሩ ተባለ። ዘውዱ ተጠራ። መምህር ወርቁም ተጠሩ፤ በምን እንደተጠሩ ግን ጥሪው ላይ አልተባለም። ዘውዱ ልቡን ያመው ስለነበር እኔም እንድደግፈው አብሬ ሄድኩ።

መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት የከረመበት ጊዜ ነው፤ ያን ቀን ተከፍቶ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ሁለቱ እንደ ልማዳቸው ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«አንተ በየትኛው ወገን ነህ፣ አያ ወርቁ?» አለ ዘውዱ።

«እኔ በመስኮቱ ወገን ነኝ። ብርድ ይገባል፣ ዝጋው።»

«ቀልዱን ተው። ሙት ወቃሽ አያድርገን ነው የሚባል።»

«አልወቅስም። ሙት ሲወደስ ዝም ብዬ የለም? ሲወቀስም ዝም እላለሁ።»

ስብሰባው የተደረገው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። አንዱ ሽማግሌ «ድልድይ ያሠሩ ሰው ናቸው» ሲሉ፣ ከኋላ አንዲት ተማሪ «በማን ጉልበት?» አለች። ዘውዱ ተነሥቶ «የሞተ ሰው ቆሞ አይከራከርም፤ ይህ ፍርድ አይደለም» አለ። ሌላው «ሰላም አዳራሽ እንበለውና እንገላገል» አለ። ብዙ ሰው ደክሞት ስለነበር ሊስማማም ነበር።

ሩት ተነሣች። «እሺ፣ ስሙን እናውርድ። ግን በዚያ ቤት በባርነት ከነበሩት ውስጥ የአንድ ሰው ስም እንኳ የሚያውቅ የለም?»

ሁሉም መሬት መሬት አየ። መምህር ወርቁ ወደተቀመጡበት ዞር ያለ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሁሉም እንዲህ ከተጠነቀቀ ሁሉም ያውቃል ማለት ነው።

መምህር ወርቁ ባርኔጣቸውን አወለቁና ተነሡ። «እኔ የአንዷን አውቃለሁ» አሉ። «አያቴ ናት። ደጅህ ይስፋ ነበር የምትባል።»

በሕይወታቸው በሰው ፊት ሲሉት የዚያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ሩት ግን ፊቷ በራ። ነጭ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈችው። «ደጅህ ይስፋ! ለአዳራሽ ከዚህ የተሻለ ስም ይገኛል? በሩ ለሁሉም የሚሰፋ!» አለች። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ድልድዩን ያነሡት ሽማግሌ እንኳ «ምርቃት ነው፤ ምርቃት ማንን ያስቀይማል?» ብለው አጨበጨቡ። ዘውዱም እፎይ ብሎ አጨበጨበ፤ አያቱ ሳይሰደቡ ነገሩ አለቀለት። ጭብጨባው ሲጸና መምህር ወርቁ አፋቸውን ከፈቱ፣ ከዚያ መልሰው ዘጉት። ባርኔጣቸውን አድርገው ተቀመጡ።

በሳምንቱ እኛ ቤት ተቀምጠው ጠላ እየጠጡ ዘውዱ ሊያሾፍባቸው ፈለገ። «እንግዲህ አያ ወርቁ፣ ያንተ አያት የእኔን አያት ከግድግዳ አወረደችው!»

እሳቸው አልሳቁም። «ዘውዱ፣ ያንን ስም ማን ያወጣላት ይመስልሃል?»

«እናቷ ነቻ።»

«እናቷ ያወጣችላትማ ገበያው ላይ ቀረ። ይህን ያወጣው አያትህ ነው።»

ዘውዱ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። እሳቸው ቀስ ብለው፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያስረዱት አስረዱን። በጌቶች ቤት ባሪያ ሲገባ ጌታው ስም ያወጣለታል። ስሙ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ግማሹን ጌታው ይጠራል፣ ግማሹን ባሪያው እየመለሰ ይመጣል። ሲጠራ ጌታውን ሳይመርቅ መቅረብ አይችልም።

«አያትህ ውኃ ሲጠማቸው ‹ደጅህ!› ይላሉ። እሷ ካለችበት ‹ይስፋ!› እያለች ትሮጣለች። ደጅህ ይስፋ፣ ቤትህ ይሙላ፣ ማለቷ ነው። ስትፈጭም ይስፋ፣ ስትቀዳም ይስፋ፣ ልትገረፍ ስትጠራም ይስፋ። ድምፅዋ ካነሰ ያስደግሟታል። ለአባቴ ያወረሰችው አንድ ትእዛዝ ነው፤ ሰው ሲጠራህ ‹አለሁ› በል፣ ሌላ ቃል አትጨምር አለችው። አባቴም ለእኔ።»

እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ዘውዱ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«አላውቅም ነበር» አለ።

«አልጠየቅህማ።»

«ታዲያ ለምን እዚያው አልተናገርክም?»

«አጨበጨቡላት፣ ዘውዱ» አሉ። «እሷን ማን አጨብጭቦላት ያውቃል? አፌ ተያዘ። አሁን ደግሞ የአዳራሹ የስም ሰሌዳ እየተሠራ ነው አሉ። ከተሰቀለ ለዘለዓለም እንደመረቀችው ልትኖር ነው። የሚገባ ተማሪ ሁሉ ባነበበው ቁጥር።»

«ንገራቸዋ!»

«እነግራቸዋለሁ። ግን ደክሞኛል። አንዴ ባሪያ መሆኗን ተናገርኩ፤ አሁን ደግሞ እንዴት ያለች ባሪያ እንደነበረች ልናገር ነው።»

ሩትን በስልክ ፈለጓት። ኔትወርክ ተቋርጦ ነበር። ሲመለስ እሷ ጎንደር ናት፣ መንገዱ ተዘግቷል። የአዲሱ ስም ምረቃ ተቀጠረ፣ ተላለፈ፣ ደግሞ ተቀጠረ። መንገዱ የተከፈተው በምረቃው ዋዜማ ነው።

በምረቃው ቀን ዘውዱ መሄድ አልነበረበትም። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። «እኔ ካልሄድኩ የደምለው ወገን ማን አለ?» ብሎ እንቢ አለኝ። ስንደርስ ሰሌዳው ከበሩ በላይ በአረንጓዴ ጨርቅ ተሸፍኗል። ከጎንደር የመጡ እንግዳ ገመዱን ሳቡት፤ እልልታ ሆነ። ወርቃማ ፊደል ነው፤ ደጅህ ይስፋ አዳራሽ። ከዚያ ሁላችንም ገባንና ሩት መምህር ወርቁን ወደ መድረኩ ጠራቻቸው።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዙሪያውን አዩ።

«አስተማሪ ነበርኩና አንድ ነገር ላስጠናችሁ» አሉ። «እኔ ‹ደጅህ› ስል እናንተ ቀሪውን ትመልሳላችሁ። ደጅህ!»

«ይስፋ!» አለ አዳራሹ፤ ተማሪዎቹ እየሳቁ።

«አልሰማሁም። ደጅህ!»

«ይስፋ!» ጣራው ተንቀጠቀጠ።

«ተነሡና በሉት። ደጅህ!»

ሁሉም ብድግ ብሎ «ይስፋ!» አለ። እንግዳውም ቆመው ነበር። ዘውዱ ብቻ አልተነሣም፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር።

«ጎበዞች» አሉ መምህር ወርቁ፤ ፊታቸው ላይ ሳቅ የለም። «ፊታውራሪ ውኃ ጠምቷቸው ነበር። አሁን ሄዳችሁ ቅዱላቸው።»

መጀመሪያ የሳቁ ነበሩ። ከዚያ ሳቁ ከፊት ወንበር ጀምሮ ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ። እሳቸውም ለእኛ የነገሩንን ነገሯቸው፤ አላሳጠሩም፣ አላስረዘሙም። «አያቴ በዚህ ቃል እየሮጠች አረጀች» አሉ። «የፊታውራሪውን ስም አወረዳችሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። በቦታው ግን የሰቀላችሁት ለእሳቸው የሚገባውን ምርቃት ነው። እኔ ያኔ አፌ ተይዞ ዝም ብያለሁ። ዛሬም ዝም ብል ከሞተች በኋላም እያገለገለች ትኖራለች። ልታርፍ ይገባታል።»

እንግዳው ወደ ሩት አዩ፣ ሩት ወደ ወለሉ። «ሰሌዳው እኮ ብዙ ወጥቶበታል» የሚል ድምፅ ከጎን ሰማሁ። ያን ጊዜ ዘውዱ በትሩን ተደግፎ ተነሣ። እኔ ልይዘው ስል እጄን መለሰው።

«ያ ደጅ የእኛ ደጅ ነው» አለ፤ ትንፋሹ እየቆራረጠው። «የተመረቀው የእኛ ቤት ነው፤ ይኸው እኔ ከዚያ ቤት ነኝ። ምርቃቱን አልፈልግም እያለ ነው የደምለው ልጅ። አውርዱት።»

የሰቀሉበት መሰላል ተመልሶ ነበርና ጠረጴዛ በጠረጴዛ ላይ ደራርበው አወረዱት። ፊደሉ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተቀመጠ። ሩት እያለቀሰች መጣች።

«ለምን ቀድመው አልነገሩኝም፣ አባባ?»

«ስታጨበጭቢ ደስ አልሽኝ፣ ልጄ።»

«እሺ እውነተኛ ስሟን ይስጡኝ። እሱን እንጽፋለን።»

«የለኝም» አሏት። «ቢኖረኝ ያኔውኑ እሰጥሽ ነበር።»

የዘውዱ ዘመዶች ከአምባ ጊዮርጊስ ስልክ ደወሉ። ቤታቸውን በአደባባይ አዋረድክ ብለው ተቆጡ፤ ሲታመምም አልመጡም። ሲያቃስት የሚያገላብጡት፣ ጺሙን የሚላጩት፣ ከጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚያመጡለት አያ ወርቁ ነበሩ። አንድ ቀን ትራሱን ሲያስተካክሉለት እጃቸውን ያዘና ሊናገር ፈለገ። «አያ ወርቁ…» አለ።

«አለሁ» አሉት።

ሌላ ነገር አልወጣውም። ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ሊል የፈለገው ምን ነበር? እሳቸው ግን አልጠየቁትም። እጁን እንደያዙ ተቀመጡ።

ዘውዱ ሲሞት፣ ፍትሐቱ ላይ ቄስ ኃይሉ ስመ ክርስትናውን ሲያነሡ፣ መምህር ወርቁ ቀና ብለው ሲያዳምጡ አየኋቸው። በአርባው ቀን እኔ የዘውዱን ጸሎት ጉዳይ ለመነጋገር ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አብረውኝ መጡ። የእኔ ካለቀ በኋላ ቄሱን «አንዲት ነፍስ አለችኝ፣ አባቴ፤ በጸሎት አስቡልኝ» አሏቸው።

«ስመ ክርስትናዋ ማን ነው?»

«አላውቅም። ክርስትና ተነሥታ ይሆናል፤ የጠየቃት የለም።»

ቄስ ኃይሉ ጺማቸውን ይዘው አሰቡ። «እግዚአብሔር ያውቃታል። እኛ ግን የምናነሣበት ያስፈልገናል። ‹አመተ› እንበልና በአንዱ ቅዱስ ስም እናሳርፋት።»

«አመተ ማለት ገረድ ማለት አይደለም እንዴ፣ አባቴ?»

«የእግዚአብሔር ገረድ መሆንኮ ክብር ነው።»

«ክብር ነው። ግን ገረድነቱ ይብቃት። ወለተ በሉልኝ። እንግዲህ ደግሞ ልጅ ትሁን።»

ቄሱ ቀና ብለው አዩአቸው። ከዚያ ቀስ ብለው «ወለተ ማን?» አሉ። መምህር ወርቁ ጎንበስ ብለው በጆሯቸው ነገሯቸው። አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁት። እዚህ ግን አልጽፈውም።

ሩት ለቅሶ ልትደርሰኝ መጥታ ይህን ስትሰማ ዓይኗ በራ። «አባባ፣ እንግዲያውስ ስም ተገኘ! እሱን እንጻፈው።»

«ይህኛው ለመጥሪያ አይደለም፣ ልጄ» አሏት። «ከእንግዲህ ማንም አይጠራትም። የሚያስባት ያስባት።»

«አዳራሹስ?»

«አዳራሹ ያለ ስም ቢቆም ምን ይሆናል? ዝናብ እንደሆን አያስገባም! ለምን ስም የለውም ብሎ የሚጠይቅሽ ተማሪ ሲመጣ፣ ያኔ አስተምሪው።»

እንደተባለው አዳራሹ እስካሁን ስም የለውም። ከተማው የመሰለውን ያወራል። አንዳንዱ ዘመዶቹ ተጣልተው ነው ይላል፤ አንዳንዱ ወርቁ የራሳቸውን ስም ፈልገው ተከለከሉ ይላል። ሩት ግን አዲስ ተማሪ በገባ ቁጥር በሩ ላይ አቁማ ታስረዳለች ሲሉ ሰምቻለሁ።

እሳቸው የሞቱት በእንቅልፋቸው ነው፤ ሳያስቸግሩ። ልጆቻቸው ከባሕር ዳር መንገድ ተዘግቶባቸው ለቀብሩ አልደረሱም። በጉሙ ውስጥ ቀብረናቸው ተመለስን። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ በር በሩን የማይበት ምክንያት የለኝም፤ ግን አያለሁ።

ባለፈው ሰሞን የዘውዱ ሙት ዓመት ደረሰ። ቄስ ኃይሉ ታመው ስለነበር ቤተ ክርስቲያኑ ላይ ያገኘሁት ከሌላ ደብር የመጡ ወጣት ቄስ ናቸው። የሚታሰቡትን እንድነግራቸው ጠየቁኝ። የባለቤቴን ስመ ክርስትና ነገርኳቸው። የመምህር ወርቁን ነገርኳቸው። ከዚያ የእሷን፣ ያን በጆሮ የተነገረውን፣ እኔም ጎንበስ ብዬ ነገርኳቸው።

«ይህችኛዋስ፣ እናቴ?» አሉ ቄሱ። «ምንዎ ናት?»

«የባለቤቴ አያት ናት» አልኳቸው።